የወለተ ኪዳን ቀብድ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሐ ሣህሉ፣
አዲስ አበባ።

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ብዙ ነው። ቁጣህም በደህና ደርሶኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ ተቆጥተህ ሲያበቃ መጨረሻ ላይ "ለጤናሽስ እንዴት ነሽ" ማለትህን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ደህና ነኝ።

ለጠየቅኸኝ መልሱ አዎን ነው። ወሬውን ያመጣልህ ሰው አልዋሸህም። አዲስ ፒክአፕ አዝዤ ሦስት ሺህ ብር ቀብድ አስይዣለሁ። ሳልነግርህ ያደረግሁት ረስቼህ አይደለም፤ ብነግርህ እንደምታስተወኝ ስለማውቅ ነው። አንተ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ከገባህ ወዲህ የምታየው የተበላሸውን ውል ብቻ ነው። በደህና ያለቀው ወደ አንተ መስኮት አይመጣምና አልፈርድብህም። ስለደበቅሁህ ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ መኪናው ግን ይቅርታ አልልም።

የፋብሪካው የክሊኒክ መኪና አርጅታለች። በሰኔ ከሥራ ትወጣለች፣ ምትክም የላትም ተብሏል። ስድስት ዓመት መሪ የጨበጠ እጄ ተመልሶ ክር ሊቀጥል ነው ማለት ነው። የማዳወሪያውን ጩኸት ታውቀዋለህ፤ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ ገብተህ ጆሮህን ይዘህ ነው የወጣኸው። እኔ ስምንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። ወደዚያ አልመለስም።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከፒክአፑ ኋላ ሁለት አግዳሚ አስገጥሜ፣ ሸራ አልብሼ፣ ከባሕር ዳር ወንዛዬ ሰው አመላልሳለሁ። ጉልበቷን የታመመች ሴት ሁሉ ወደ ፍል ውኃው የምትሄደው በእግሯ ነው፤ ተጠምቃ በዳነችበት እግር ስትመለስ እንደገና ትታመማለች። ሴት የምትነዳው መኪና ላይ ማን ይሳፈራል ላልኸው፣ ምጥ ይዟቸው በክሊኒኩ መኪና ያደረስኋቸውን እናቶች ጠይቃቸው። አንዷም ወንድ ሹፌር ጥሩልኝ አላለችኝም።

ገንዘቡን ያደረሱልኝ የኔታ ናቸው። ለደብሩ ጣራ ቆርቆሮ ሊለምኑ ከዘጌ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ፣ እኔ ፈቃድ ተከልክዬ ነበርና በእሳቸው እጅ ላክሁት። አንተ ያን ሳምንት ለሥራ ናዝሬት እንደነበርህ አውቅ ነበር፤ ይህንንም አልዋሽህም። እናታችንና አባታችን ከሞቱ ወዲህ እኔንና አንተን ያሳደጉ አጎት አንድ ገንዘብ ማድረስ ያቅታቸዋል? ሰጥተው ደረሰኝ ተቀብለው መጥተዋል። ግልባጩን በእጄ ጽፌ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ የጎደለው ነገር ካለ ንገረኝ።

ትናንት ለገበያ ብለው በጀልባ መጥተው እዚሁ ናቸው። ከታች ያለችው መስመር የእሳቸው ናት። መቼም እጃቸውን ሳያሳርፉበት ደብዳቤዬ ፖስታ ቤት አይደርስም።

እኅትህ የሺአረግ

ሰላም ለከ ወልድየ። መርስዔ ኀዘን ዘዘጌ።


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም የሺአረግ፣
ባሕር ዳር።

እንደምን ሰነበትሽ? የኔታን ጉልበት ሳሚልኝ።

የጎደለ ካለ ንገረኝ ብለሻል። እታለም፣ ያልጎደለውን ብነግርሽ ይቀላል፤ ማኅተሙ አለ። ሌላው የለም። መኪናው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የየትኛው ዓመት ሥሪት እንደሆነ አልተጻፈም። የመጨረሻ ዋጋው አልተጻፈም። መቼ እንደሚያስረክቡሽ አልተጻፈም። ቢዘገይ ወይም ብትተዪው ቀብድሽ ይመለስ አይመለስ አልተጻፈም። የተጻፈው "ለመኪና ግዥ የተከፈለ" የሚል ብቻ ነው። መኪና ቢሉ የትኛው መኪና? በዚህ አያያዝ ከስድስት ወር በኋላ የልጅ መጫወቻ ቢሰጡሽ ምን ብለሽ ትከራከሪያለሽ?

ይህን ሁሉ ተናድጄ ተናድጄ እተወዋለሁ። ስሙን ግን ልተወው አልቻልኩም። ገንዘቡን የከፈለችው "ወ/ሮ ወለተ ኪዳን ሣህሉ" ናት ይላል። ወለተ ኪዳን ማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ። ክርስትና ያነሱሽ እሜቴ አገርነሽ ያውቃሉ። ከእኛና ከየኔታ ወዲያ የሚያውቅ የለም። መታወቂያሽ የሺአረግ ነው፤ መንጃ ፈቃድሽም፣ የደመወዝ ወረቀትሽም እንደዚያው። የክርስትና ስም ለመተተኛ እንዳይደርስ ተብሎ የሚደበቅ ስም አይደለም እንዴ? ልጆች ሳለን በዚህ ስም ገበያ መሐል ብጠራሽ አፌን በጥፊ ብለሽኝ ነበር። አሁን ባለመኪናዋ ወለተ ኪዳን ስትሆን የሺአረግ በየት በኩል ገብታ ትረከባለች?

መኪናው ሳይገባ በፊት ስሙን አስተካክሉልኝ ብለሽ በአደራ ደብዳቤ ጻፊላቸው፤ ግልባጩን አስቀሪ። እኔ ልሄድልሽ አልችልም። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ስምንት ወር ታስሬ ከወጣሁ ወዲህ ስሜ በማንም ዝርዝር ላይ እንዲገባ አልፈልግም። ፈሪ ብትዪኝ አልቀየምም።

ወንድምሽ አምሐ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 10 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሐ፤

ፈሪ አላልሁህም፣ አልልህምም። የስምንት ወሩን እኔም ስንቅ በማመላለስ ቆጥሬዋለሁ። ቤትህ ተቀመጥ።

ስለ ስሙ የኔታን ፊት ለፊት ጠይቄአቸዋለሁ። እሑድ በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ፣ ከቡናው ጥላ ሥር ብራና ሲፍቁ አገኘኋቸው። ትንሽ ያስላቸዋል፤ ብርድ ነው ይላሉ። ደረሰኙን አውጥቼ፣ ለምን በዓለም ስሜ አላስጻፉልኝም አልሁ። መፋቂያውን አስቀምጠው እንደ ተማሪ ተመለከቱኝ።

"የዓለም ስም የሚያገለግለው እስከ መቃብር ነው። ያ ሰውዬ ገንዘቡን ቢበላ በወዲያኛውም ቤት እንዲጠየቅበት ብዬ ነው። እዚያ የሺአረግ የምትባል አትታወቅም" አሉኝ።

ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። እኔ በዚህኛው ቤት ነው መኪናውን የምፈልገው ብላቸው፣ "ለዚህኛው የሚበቃውን ደግሞ ጽፌአለሁ" ብለው ወደ መፋቃቸው ተመለሱ። ጸሎት የጻፉልኝ መስሎኝ ጉልበታቸውን ስሜ ተመለስሁ። ለነገሩ ጥፋቱ የእኔ ነው። የመኪና ውል ያላየ የቅኔ መምህር ልኬ የመኪና ውል እንዲያውቁልኝ መጠበቄ። ከመላኬ በፊት ምን እንደሚያስጽፉ አስጽፌ ማስያዝ ነበረብኝ። ይህን አምኜ ጽፌልሃለሁ፣ ደግመህ እንዳትጽፍልኝ።

የአደራ ደብዳቤውን ላክሁ። መልስ የለም። ቀብድሽን አስመልሺና ተዪው ብትለኝ ግን አልሰማህም። የተነገረኝን ቀሪ ዘጠኝ ሺህ አሟላለሁ፤ ከቁጠባዬ የጎደለውን የየካቲት ዕቁብ ይሞላዋል። መኪናዬን እጠብቃለሁ።

እኅትህ የሺአረግ

ሰላም ለከ ወልድየ። እኅትህን አትቆጣት፤ ስሙን ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። መርስዔ ኀዘን ዘዘጌ።


አዲስ አበባ፣ ጥር 16 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሄድኩ። ሳልሄድ ቀርቼ ቢሆን ይሻል ነበር።

መኪናሽ ከአሰብ ገብቷል። ነጭ ነው። ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ አየሁት፣ ያምራል። ምን አለ መሰለሽ፣ አንድ የቆዳ ካፖርት የለበሰ ሰው በዙሪያው እየተሽከረከረ ጎማውን በጫማው ይመታል፤ ሞተሩን አስነስተው ያሰሙታል። የማን ነው ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ የአንዲት የጎጃም ሴት ነበር፣ እንጃ አሁን፣ አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓምደ ሚካኤል ይባላል። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ዋጋው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ጨምሯል። ቀሪው እስከ መጋቢት 14 ተከፍሎ መኪናው ካልተነሣ ቀብዱ ለድርጅቱ ገቢ ይሆናል። ይህ የት ተጽፏል ስለው፣ የማይመለስ ነው ተብሎ እንዳልተጻፈ ሁሉ የሚመለስ ነው ተብሎም አልተጻፈም አለኝ። እኔም በሥራዬ ስንት ጊዜ የሰማሁት ክርክር ነው። ከዚያ የአደራ ደብዳቤሽን ከመሳቢያው አወጣ። ደርሶታል፣ አንብቦታል።

"የሺአረግ የምትባል ደንበኛ የለችኝም። ወለተ ኪዳን የምትባል ሰው ካለች መታወቂያዋን ይዛ ትምጣ። ከሌለች ገንዘቡን ያስያዙት ሽማግሌ ራሳቸው ይምጡ" አለኝ።

አንተ ማን ነህ፣ የት ትሠራለህ ብሎ ሲጠይቀኝ ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። ስሜን አልነገርኩትም። ይህን ለማንም አትንገሪ።

አሁን ያለን መንገድ የኔታ ናቸው። ያን ቀን ገንዘቡን የሰጡት ራሳቸው ቀርበው ወለተ ኪዳን ይህቺ ናት ካሉ መውጫ የለውም። የይለፍ ወረቀት አስወጪላቸውና በመጀመሪያው አውቶቡስ አሳፍሪያቸው። ብርድ እንዳይመታቸው በእኔ ካፖርት እቀበላቸዋለሁ።

አምሐ


ባሕር ዳር፣ የካቲት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ቶሎ ባለመመለሴ ይቅር በለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ የክሊኒኳ መኪና ራዲያተር እጄን አቃጥሎኝ ነው፣ ሌላ ነገር አይምሰልህ።

የኔታ አይመጡም። አትጠብቃቸው። የጀልባው ሞተር ተበላሽቷል፤ ደግሞ አውቶቡሱ ለእሳቸው ዕድሜ አይሆንም። በሌላ መንገድ እንጨርሰዋለን።

ስለ ጭማሪው ለጻፍህልኝ በአንድ ቃል ልመልስልህ፤ አልጨምርም። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ቀርቶ ሁለት ብር አልጨምርም። ያ ሰው ደብዳቤዬን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ያኖረው ቀኑ እስኪያልቅ ሊጠብቀኝ ነው። ባለ ካፖርቱ የተሻለ ዋጋ ሰጥቶታል ማለት ነው። ገንዘቤን ሲቀበል ወለተ ኪዳን ማን ናት ብሎ አልጠየቀም። ሲያስረክብ ነው የጠፋችበት?

ሻዩን ሳትጨርስ በመውጣትህ አትፈር። ሻይ ነው።

የሺአረግ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 11 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

ደብዳቤሽን አገላብጬ አየሁት። ከታች ምንም የለም። ከኋላውም የለም። ፖስታውን ቀድጄ ውስጡን ሁሉ አየሁ። የኔታ ባሕር ዳር ባይመጡ አንቺ ዘጌ ተሻግረሽ ታስጽፊያቸው ነበር። ጀልባው ሲበላሽ ደግሞ ታንኳ አለ፤ እኔ በታንኳ ስንት ጊዜ ተሻግሬያለሁ።

ታመዋል? ያ ሳል ነው? ከታመሙ ንገሪኝ፣ መድኃኒት ከዚህ እልካለሁ።

ስለ መኪናው ያለኝን ምክር ኋላ አልሰማሁም እንዳትዪኝ። ሰውዬውን ለምኜ ከቀብዱ ግማሹን እንኳ እንዲመልስ ላድርገው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ከምንም ይሻላል። እስከ መጋቢት 14 ያለው አንድ ወር ነው፤ ወደ ክስ ብንሄድ የመጀመሪያው ቀጠሮ ራሱ ከዚያ ያልፋል። ይህ ዘመን ለክርክር የሚመች ዘመን አይደለም። አንቺ አትፈሪም፤ እኔ ግን ለሁለታችንም እፈራለሁ።

ስለ የኔታ ቶሎ ጻፊልኝ።

አምሐ


ባሕር ዳር፣ የካቲት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሐ፤

ግማሹን እንዳትቀበል። አንተ ሩቡን አትጠይቅ፣ ግማሹን አትለምን፣ ደጁንም አትርገጥ። አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብብ።

የኔታ "ለዚህኛው የሚበቃውን ጽፌአለሁ" ያሉት ጸሎት አልነበረም። ትናንት ወረቀቱን ከማኅደራቸው ውስጥ አገኘሁት፣ ከዳዊታቸው ጋር ተጣጥፎ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ሰውዬው ደረሰኝ እስኪያስጽፍ ሲጠብቁ፣ ቀለማቸውንና ብዕራቸውን አውጥተው የተባለውን ሁሉ እንዳለ ጽፈውታል። የሰሙትን መገልበጥ ልማዳቸው አይደል? ቃል በቃል እነሆ፦

"በመስከረም ሃያ ሁለት ቀን፣ ዓምደ ሚካኤል የተባለው መኪና ሻጭ ከእኔ ከመርስዔ ኀዘን ሦስት ሺህ ብር ተቀበለ። ገንዘቡ የእኅቴ ልጅ የወለተ ኪዳን ነው፤ ሰው የሺአረግ ይላታል፤ በባሕር ዳር የፋብሪካ መኪና ትነዳለች። መኪናው ፒክአፕ ነው፤ አዲስ ነው፤ ነጭ ነው። ዋጋው ዐሥራ ሁለት ሺህ ነው። ቢጨምርስ ብዬ ጠየቅሁት፣ ቀብድ ላስያዘ አይጨምርም አለ። ባትወስደውስ ብዬ ጠየቅሁት፣ ገንዘቧ ይመለሳል አለ። ፀሐይወርቅ የተባለች ጸሐፊ ሰምታለች።"

ዋጋውን በቀይ ቀለም ጽፈውታል። የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት ቀይ። ከሥሩ ደግሞ የሰውዬው ፊርማና ማኅተም አለ! እንዴት እንዳስፈረሙት አንተም እኔም መገመት እንችላለን። አንድ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት የመሰለ ነገር ዘርግተው ፈርምበት ሲሉት፣ ለበረከት ብሎ ሳያነብ ፈርሞላቸዋል። አምሐዬ፣ አንተ ጎደለ ያልኸው ከሞላ ጎደል እዚያ ውስጥ አለ። እኔ ደግሞ የመኪና ውል አያውቁም ብዬ ጽፌባቸው ነበር።

አሁን የወሰንሁትን ስማ። የሺአረግ ነኝ ብዬ አልከራከርም። ወለተ ኪዳን ትምጣ አይደል ያለው? ወለተ ኪዳን ትመጣለች። ስሜን በፍርድ ቤት ላስለውጥ ነው። እሜቴ አገርነሽና ሌሎች ሁለት ምስክሮች ቃላቸውን ሊሰጡ ተስማምተዋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አካሉ፣ ሰው ወደፊት ሲሄድ አንቺ ወደ ጥምቀትሽ ትመለሻለሽ ወይ ብሎ ሳቀብኝ። የምመለሰው መኪና ላመጣ ነው አልሁት። ሠፈርተኛው ደግሞ ያን ስም ለሰው ሁሉ ከገለጥሽው ይደገምብሻል እያለ ያስፈራራኛል። የተደበቀውን ስም ይዞ ገንዘቤን ሊበላ የነበረ ሰው ካለ ወዲህ ምን የሚያስፈራ መተት አለ?

አንተ ሥራህ ነውና አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ትእዛዙ እስኪወጣ መኪናውን ለባለ ካፖርቱ እንዳይሸጥብኝ ምን ይደረጋል?

የሺአረግ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 26 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ፤

የኔታ ማኅደራቸውን ለማንም አያስነኩም። እኔ በሰባት ዓመቴ ክሩን ስለነካሁ ብቻ ሁለት ቀን ዳዊት አስደግመውኛል። አንቺ ከፍተሽ፣ ዳዊታቸውን አውጥተሽ፣ በውስጡ የተጣጠፈውን አንብበሻል።

አልጠይቅሽም። አንቺም አትጻፊልኝ። እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ እንደማይነገር የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ሰው ሲመጣ እሰማለሁ። እስከዚያ አላውቅም፤ ሥራም እገባለሁ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ፣ እግድ ይባላል። ተደርጓል። የላክሽልኝን ቃል በቃል ገልብጬ አቤቱታ ጻፍኩ። አመልካች ወለተ ኪዳን ሣህሉ፤ ወኪል ወንድሟ አምሐ ሣህሉ። ስሜን በገዛ እጄ መዝገቡ ላይ አስገባሁ፣ አድራሻዬንና የሥራ ቦታዬን ጭምር። ባልደረቦቼ አንተ ነህ ወይ ብለው አዩኝ። ዳኛው የፊርማውንና የማኅተሙን ነገር ሰምተው፣ ዋናው ወረቀት በዐሥር ቀን ውስጥ እንዲቀርብ፣ መኪናውም እስከዚያ እንዳይንቀሳቀስ አዘዙ። እግዱን ለአቶ ዓምደ ሚካኤል ራሴ አደረስኩለት። ሻይ አዘዘልኝ። በዚህ ጊዜ ስሜን ከነአባቴ ነገርኩትና ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ዋናውን ወረቀት በፖስታ አትላኪ፤ በጡትሽ ሥር ይዘሽ ነይ። ከሰውነትሽ አይለይ። አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያዪ።

ስትመጪ ብቻሽን አትምጪ። ሽሮ ሜዳ ዘመዳችን አቶ ቢያዝን ዘንድ እደሪና ከእሳቸው ጋር ማልዳችሁ ኑ። በሩን አልቆልፍም።

አምሐ


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሐ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰን። ከለቅሶው በኋላ እንዴት ሰነበትህ? እንቅልፍህ ተመለሰ? ያን ጠዋት በሩን ስንገፋው ነጠላህን አዘቅዝቀህ ለብሰህ ቁጭ ብለህ ማግኘታችን ከዓይኔ አይጠፋም። አቶ ቢያዝን የያዙትን የመርዶ ንግግር ሳይጀምሩት ቀሩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለዋሸሁህ እግርህ ላይ ልወድቅ ነበር፤ አንተ ቀደምኸኝና አቀፍኸኝ። የጀልባው ሞተር አልተበላሸም ነበር። እጄም አልተቃጠለም።

ጥር ሃያ አራት ቀን ነው ያረፉት፣ ቅዳሴ ሲወጣ። ሕመሙ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየባቸው። ይህን ስትጠይቀኝ ሰው ስለነበረ በወጉ አልመለስሁልህም።

በሦስተኛው ቀን ከድንኳኑ ወጥቼ ስለሄድሁበት ጉዳይም የጠየቅኸኝ አሁን በደብዳቤህ ነው። ለቅሶ ላይ የመኪና ወሬ አላወራም ብዬ ነው ዝም ያልሁህ። እንዲህ ነበር።

ጥቁሬን እንደለበስሁ ገባሁ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ቀና ብሎ ማን ልበል አለኝ።

"ወለተ ኪዳን ሣህሉ" አልሁት።

መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። ቀለሙ ገና አዲስ ነው። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ በላዩ፣ መንጃ ፈቃዴን በላዩ፣ ከሁሉም በላይ የኔታን ወረቀት ዘረጋሁ፤ በእጄ ግን እንደያዝሁት። አነበበው። ፊርማውንም አየ። ከዚያ ይህ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ መስሎኝ ነው የፈረምሁት አለ። የሚፈርመውን ማንበብ ያለበት ገዥ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው አልሁት። ያን ጊዜ ከጽሕፈት መኪናው ኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ተነሣች። "እኔም ነበርኩ፤ አይጨምርም ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች። ፀሐይወርቅ እሷ ናት። የኔታ ስሟን ባይጽፉት ኖሮ ትነሣ ነበር ብዬ አላስብም። በእሷ ላይ የደረሰ ነገር እንዳለ ጠይቅልኝ፤ ደብዳቤም ጻፍላት።

ዘጠኝ ሺሁን ቆጥሬ የሰጠሁት ቁጥሮቹን ሁሉ ካስተያየሁ፣ ሞተሩን ራሴ አስነሥቼ ከሰማሁ፣ ደረሰኙ ላይ "ሙሉ ዋጋ" የሚለውን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። ቁልፉን ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሽማግሌው ደህና ናቸው ወይ አለኝ።

"የጻፉት ደህና ነው" ብዬው ወጣሁ።

መንገዱ ምን ይመስል ነበር ላልኸኝ፣ የዓባይን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ወረድሁት። ኬላው ላይ የመኪናው ባለቤት የት አለ እያሉ ከጎኔ ወዳለው ወንበር ያዩ ነበር። ደጀን ላይ አንዱ ወታደር ሊብሬውንና መታወቂያዬን ሁለት ጊዜ አስተያይቶ፣ ወለተ ኪዳን አንቺ ነሽ? አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አዎን ያልሁበት ጊዜ የለም።

ተዝካራቸውን ከፋሲካ በኋላ አወጣን። እህሉን ከገበያ እስከ ጀልባው ያደረሰው መኪናው ነው፤ የመጀመሪያ ጭነቱ እሱ ሆነ። በማግሥቱ ስድስት ሴቶች ይዤ ወንዛዬ ሄድሁ። አምስቱ ከፈሉኝ። ስድስተኛዋ እሜቴ አገርነሽ ናቸው፤ እሳቸውን እንኳን ሂሳብ፣ ወረፋም አልጠይቃቸውም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ትናንት በር ላይ የባለቤቱን ስም የሚጽፍ ቀለም ቀቢ አስመጣሁ። ሠፈርተኛው ተሰብስቦ ቢያንስ ይህን እንኳ የሺአረግ በዪው፣ ያ ስም መንገድ ለመንገድ አይዙር አለኝ። ሰውዬውም ብሩሹን እንደያዘ ያየኛል። የኔታ በሌሉበት በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው እንዲጠፋ አልፈልግም፣ ወንድሜ። ጻፈው አልሁት። በቀይ ጻፈው፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርገህ። አሁን መናኸሪያው አካባቢ ልጆች ሳይቀሩ ወለተ ኪዳን መጣች ይላሉ። አንተም በፈለግኸው ገበያ መሐል ጥራኝ፣ አልመታህም።

ከዚህ በታች ያለችውን መስመር መጻፍ የምችል ሰው አይደለሁም። ግን ባዶ ወረቀት እንደገና ልልክልህ አልፈልግም።

ሰላም ለከ እኁየ። ወለተ ኪዳን ዘባሕር ዳር።